ቤዙን የተጫወተው ማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከኮልፌ ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎታል። የዘፈን ጥያቄና መልስ ነበር። አዘጋጁ ዘንድሮ ብዙ ሳምንት አንደኛ ሆና የቆየችው ዘፈን የትኛዋ ናት ብሎ ሲጠይቅ፣ በስልክ የገባችው ልጅ ድምፅዋ ጠፋ። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በእሷ ፈንታ መመለስ ጀመረ። አንዱ የሚወደውን ዘፋኝ ስም ይጠራል፤ ሌላው «ኧረ እሷማ ከሦስት ሳምንት አልዘለለችም» ይለዋል፤ ጋቢና የተቀመጡት ሴትዮ ሳይቀሩ ዞረው ተከራከሩ። ልጅቷ ግን ዝም። ስትተነፍስ ብቻ ይሰማል። አዘጋጁ ከአምስት ወደ ታች ቆጠረ፣ መስመሩ ተቋረጠ፣ ሰው ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። መልሱን ስለማላውቅ አይደለም፤ አውቀዋለሁ። የዚያች ልጅ ትንፋሽ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ።  «ወራጅ አለ» ማለት የቻልኩት መውረጃዬን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ እሱንም ቀስ ብዬ ስላልኩት ረዳቱ ሁለቴ አስደገመኝ። በእግሬ ስመለስ ያ የነሐሴ ቅዳሜ ከነጭቃው መጣብኝ።

ያኔ አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናታችን ስምንተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ሞተች፤ ዘጠነኛ አልገባሁም። አትማሪ ያለኝ ሰው የለም። ቤቱ ሰው ይፈልግ ነበር፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ክፍል ውስጥ እጅ ከማውጣት ቤት ተቀምጬ ሽንኩርት መክተፍ ይሻለኝ ነበር። ሰው ማነጋገር ያስፈራኛል። ሱቅ ሄጄ ባለሱቁ ቀና ብሎ ካላየኝ ምንም ሳልገዛ የምመለስ ልጅ ነበርኩ።

አባቴን ሰፈሩ ጋሽ ገመቹ ይለዋል። በወጣትነቱ ከወለጋ መጥቶ ኮልፌ የቀረ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ብየዳ ቤቱ የብረት በርና መስኮት እየሠራ ያሳደገን ሰው ነው። በጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌ ስል የዕድሜ ማለቴ አይደለም፤ ምእመናን መርጠው ኃላፊነት የሚሰጡት ማለቴ ነው። እኛ ቤት መዝሙር እንጂ ዘፈን አይሰማም። ጎረቤት ዘፈን ሲከፍት አባዬ ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋል። አይቆጣም፤ ብርድ እንደገባበት ሰው ዘግቶ ይቀመጣል።

ወንድሜ ኢዮብ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ከመዘምራኑ ጋር ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ቤዝ ሰው ልብ የማይለው ድምፅ ነው፤ ከሥር ከሥር ይሄዳል፣ ሲቆም ብቻ ነው መኖሩ የሚታወቀው። ኢዮብ አንድ ልማድ ነበረችው። ስንኙ ሲያልቅ ጣቱን ገመዱ ላይ ወደ ታች ያንሸራትታል፤ አንዲት አጭር ጉርምርምታ ትወጣለች። ሽማግሌዎቹ «ይህቺን ነገር ተዋት፣ የጭፈራ ቤት ትመስላለች» ብለውት ነበር። አልተዋትም።

እናታችን በሞተች በዓመቱ ከዘፋኞች ጋር መጫወት ጀመረ። መጀመሪያ መከሩት፣ ቀጥሎ ገሠጹት፣ በመጨረሻ አንድ እሁድ ከኅብረት መታገዱ በጉባኤ ፊት ተነበበ። ወረቀቱን ያነበበው አባዬ ነው። ሌላ ሰው ያንብበው ቢሉት፣ ለልጁ አደላ እንዳልባል ብሎ እምቢ አላቸው። ኢዮብ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሰማ። በዚያው ቀን ጊታሩን በጀርባው አንግቶ፣ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። አባዬ «ከእንግዲህ የዚህ ልጅ ስም እዚህ ቤት አይነሣ» አለ። አልተነሣም። ሁለት ዓመት ሙሉ አባዬና እኔ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሽሯችንን ስንበላ፣ ያ ያልተነሣው ስም ሦስተኛ ሆኖ አብሮን ይቀርብ ነበር።

እኔ እትዬ ከድጃ መጋረጃ ስፌት ቤት ተቀጠርኩ። እትዬ ከድጃ ስልጤ ናቸው፤ ጨርቅ በጣታቸው ዳብሰው ከየት እንደመጣ የሚናገሩ፣ ሲቆጡም ሲስቁም ድምፃቸው አንድ የሆነ ሴት። ልጃቸው ሰሚራ እኩያዬ ናት። ሥራዬ ጠርዝ መስፋት ነበር፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እሰፋለሁ፣ ማንም አያናግረኝም፣ ደስ ይለኛል። ሬዲዮኑ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት የሳምንቱ አስር ምርጥ ዘፈኖች ይቀርቡ ነበር። አድማጩ በጽሑፍ መልእክት ይመርጣል፤ አዘጋጁ ከአስረኛ ጀምሮ ወደ ላይ ይጠራል። ከአስር እስከ ሁለት ላሉት የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም ብቻ ይናገራል። አንደኛ ለወጣችው ግን ሙሉውን ያነባል፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ኪቦርድ እገሌ። ገና በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ስለ ቀለበት መንገድ የተዘፈነች አንዲት ዘፈን አንደኛ ወጣች። መንገዱ ለሁለት የከፈላቸው ሁለት ሰዎች ማዶና ማዶ ሆነው ሲተያዩ የምትል ናት። አዘጋጁ ስሞቹን እያነበበ «ቤዝ ጊታር፣ ኢዮብ ገመቹ» አለ።

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ሰሚራ ደሙን አይታ ስትጮህ እኔ የምሰማው ሬዲዮኑን ብቻ ነበር። ቤታችን ውስጥ የማይጠራው ስም፣ ከአባዬ ስም ጋር ተጣምሮ፣ በአዲስ አበባ ሁሉ ላይ ተጠራ። ሰማይ ይደፋብኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። የሆነ ነገር የለም። ማስታወቂያ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን እንደ ደብዳቤ ቀን እጠብቃት ጀመር። ስሙ ተነበበ ማለት ወንድሜ አለ ማለት ነው፤ ሌላ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ስልክ የለኝም፣ የሱም ቁጥር የለኝም። አንድ ደብተር ገዝቼ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሥር ደበቅሁና የየሳምንቱን አስር ዘፈን መጻፍ ጀመርኩ። ስንተኛ እንደገባች፣ ስንተኛ እንደወጣች፣ ስንት ሳምንት እንደቆየች። የቀለበት መንገዷ ዘፈን አስራ አንድ ሳምንት አንደኛ ሆነች። አንዲት የሠርግ ዘፈን ከአስረኛ በአንድ ሳምንት አንደኛ ላይ ዘለለች፤ ያ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ዘፋኝ ደግሞ አንደኛ ወጥቶ ሳምንቱን ከዝርዝሩ ጠፋ። አንዲት ለስላሳ ዘፈን ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ሁለተኛ ሆና አንድም ቀን አንደኛ ሳትሆን ቀረች። ለእሷ በጣም አዝንላት ነበር። ስንኟ ሲያልቅ ያቺ የምትንሸራተተው ጉርምርምታ አለች፤ የወንድሜ ጣት ናት። ሁለተኛ ስለሆነች ግን ስሙ አልተነበበም።

አንድ ቀን እሁድ በጸሎት ሰዓት፣ አባዬ መድረኩ ላይ ቆሞ ስለ ታመሙት ሲጸልይ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ያቺ ዘፈን አንደኛ እንድትወጣ እየለመንኩ ራሴን አገኘሁት። ደነገጥኩ። እግዚአብሔርን ለዘፈን ለመንኩት ብዬ ሳምንቱን ሙሉ መብረቅ ስፈራ ሰነበትኩ፤ ሐምሌ ስለነበር መብረቁም አልጠፋም።

ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ከጸሎት ስንወጣ፣ ደጃፉ ላይ ጃንጥላ ሲከፍቱ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንዷ «የጋሽ ገመቹ ልጅ እኮ ጠንቶበታል አሉ። ዓይኑ ሁሉ ቢጫ ሆኗል፣ አይተርፍም ይላሉ» አለች። ሌላዋ አየችኝና ክንዷን ነካቻት። ሁለቱም እጄን ጨብጠው፣ አድገሻል፣ እናትሽን መስለሻል ብለውኝ ሄዱ። ጠጋ ብዬ የት ነው ያለው ብላቸው ይነግሩኝ ነበር። አፌ አልከፈት አለኝ። ወደ ቤት ስንሄድ አባዬ ከፊት ከፊት ይራመዳል፤ ጫማውን እያየሁ ልንገረው አልንገረው እላለሁ። እንዴት ብዬ? ለመንገር ስሙን መጥራት አለብኝ።

ሁለት ሳምንት ይህን ተሸክሜ ዞርኩ። በነዚያ ቀናት ነፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ይመጣ ነበር፤ ሰው ሁሉ የቆሻሻው ሽታ ነው ይላል፣ እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ሞት ሞት ይለኝ ጀመር። መንገድ ዳር የሚጠበስ በቆሎ እንኳን አላስበላ አለኝ። በመጨረሻ ሰሚራ ጨመቀችኝ፤ ለምን እንደምትከሺ ካልነገርሽኝ ደብተርሽን ለእማዬ አሳያለሁ አለች። ነገርኳት።

መላውን ያመጣችው እሷ ናት። ከአስሩ ዘፈን በፊት አዘጋጁ በስልክ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ በዝርዝሩ ስለገቡ ዘፈኖች። ሦስቱንም የመለሰ ሰው ከአየር ከወጣ በኋላ መስመር ላይ ይቆይና ሽልማት የሚሰጡት ስሙንና ስልኩን ይመዘግባሉ። «ያኔ ማንም አይሰማሽም። ሙዚቀኞቹን ሁሉ ያውቋቸዋል፣ ወንድሜ የት ነው ትያቸዋለሽ» አለች። እኔ ለራሴ መናገር እንደማልችል ስለምታውቅ መጀመሪያ እሷ ደወለች። ሰሚራ ዘፈን ትወዳለች እንጂ ስለ ዘፈን አንዲት ነገር አታስታውስም፤ ስለዚህ መልሱን በጆሮዋ ላንሾካሹክላት ተስማማን። መስመሩ ገባላት። የአንደኛውን ጥያቄ መልስ እንዳንሾካሾክኩ አዘጋጁ ሳቀና «ከጎንሽ ያለችው እህታችን ትምጣልን እንጂ፤ አዋቂዋ እሷ ናት» ብሎ ዘጋባት። የኮልፌ ሰው ሁሉ የኔን ሹክሹክታ ሰማ። ሳምንቱን ሙሉ አባዬ ቀና ባለ ቁጥር ላቤ ይመጣ ነበር።

አባዬ ሬዲዮ የለውም። ብየዳ ቤቱ ግን ከጎሚስታው ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ጎሚስታው ደግሞ ሬዲዮኑን ለጎማዎቹ ጭምር የሚያሰማ ሰው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ይጥላል። እትዬ ከድጃ ጨርቅ ሊያመጡ መርካቶ ወርደዋል። ሰሚራ ሃያ ጊዜ ያህል ደወለች፤ ሲጠራ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችብኝና እጇን ከኋላዋ አደረገች። መመለሻ የለም።

አዘጋጁ ሰላም አለኝ። ከየት ነው አለኝ። ከኮልፌ አልኩ። ማን ልበል ሲለኝ ስም ማዘጋጀት እንደነበረብኝ ያኔ ገባኝ። ፊት ለፊቴ ያለችውን ብቻ አየሁና «ሰሚራ» አልኩ። ሰሚራ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከአስረኛ በአንድ ሳምንት አንደኛ ስለወጣችው ነበር፤ ነገርኩት። ሁለተኛው ዘጠኝ ሳምንት ሁለተኛ ሆና ስለቀረችው፤ እሷንም ነገርኩት። ድምፄ የማን እንደሆነ አላውቀውም፤ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። አዘጋጁ ተገርሞ እንግዲያስ ሦስተኛውን ማንም የማያውቀውን ልጠይቅሽ አለ።

«አስራ አንድ ሳምንት አንደኛ በቆየችው የቀለበት መንገድ ዘፈን ላይ ቤዙን የተጫወተው ማን ነው?»

 ሌላ ምንም ነገር ቢጠይቀኝ እመልሳለሁ። አምስት አለ። መልሱ የአባዬ ስም ያለበት ስም ነው። አራት አለ። የጎሚስታው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሬዲዮ ታየኝ። ሦስት። ሰሚራ እጄን ጨመቀችው።

«ኢዮብ ገመቹ» አልኩ።

ትክክል ነው አለ፤ እጅግ ደስ አለው። ሰው ዘፋኙን እንጂ ቤዝ ማን እንደተጫወተ አያውቅም፣ አንቺ በምን አወቅሽ አለኝ። እዚህ ላይ ሰማሁት ማለት ነበረብኝ። ተዘጋጅቼ የነበረው እሱን ልል ነበር። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ስሙን በአፌ ስጠራው የታመቀው ሁሉ ተከትሎ ወጣ።

«ወንድሜ ነው» አልኩ። «ታሟል ይላሉ። በሕይወት አለ?»

ያ ሰው ዝም ብሎ አያውቅም፤ ማስታወቂያ እንኳን ሲገባ በላዩ ይናገራል። ዝም አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሰሚራ፣ መስመር ላይ ቆዪ» አለና ዘፈኗን ከፈታት። አንዲት ሴት ስልኩን ተቀበለችኝ፤ ቁጥሩን ወሰደች፤ አሁን እሱን የሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ፣ መልሼ እደውላለሁ፣ ስልክሽን አታጥፊ አለች። ዘፈኗ ከኛ ሬዲዮ፣ ከፊት ለፊቱ ሱቅ፣ መንገድ ላይ ከቆሙት ታክሲዎች ሁሉ እኩል ይወጣል። በየት በኩል ብሸሽ ትከተለኛለች።

ከዚያ የሰሚራ ስልክ ጮኸ። ዘለልን። መርካቶ ያሉት አጎቷ ናቸው፤ እህቴ ሳትነግረን የታመመ ወንድ ልጅ አላት እንዴ ይላሉ። ዘጋችው። አክስቷ ደወሉ። በሬዲዮ የተሰማችው ሰሚራ የምትባል የኮልፌ ልጅ ናት፤ ዘመዱ ሁሉ ድምፁ የሷ አይደለም ብሎ ለመጠራጠር ጊዜ አልነበረውም። እትዬ ከድጃ በዝናብ ርሰው፣ ጨርቁን በራሳቸው ተሸክመው ሲገቡ መጀመሪያ ያሉት ነገር «መርካቶ መሐል ሦስት ሰው አላህ ይማርልሽ አለኝ። ማንን ነው የሚምርልኝ?» ነበር። ሰሚራ ስትነግራቸው ጨርቁን አስቀምጠው አዩኝ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ደረቅ ፎጣ ሰጡኝ። የረጠቡት እሳቸው ነበሩ፤ ፊቴን ስዳብስ ግን የኔም እርጥብ ነበር።

ሴትዮዋ መልሳ ደወለች። አለ አለችኝ። የወፍ በሽታ ይዞት ሳንሱሲ አንድ የኪራይ ቤት ተኝቷል፤ ከፌርማታው ዝቅ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር። ሌላም ነገር ነግራኛለች፣ አላስታውሰውም። አለ የሚለው ቃል ጆሮዬን ሞልቶት ነበር።

ገና ስልኩን ሳላወርድ በመስኮቱ አባዬን አየሁት። የብየዳ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ በጭቃው መሐል ይመጣል። አባዬ በሥራ ሰዓት ሱቁን ጥሎ አይወጣም። ሲሄድ አይቼው በማላውቀው ፍጥነት ይመጣ ነበር። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፤ ለደንበኛ ማሳያ የተሰቀለ አንድ ወፍራም ቡኒ መጋረጃ ነበር፣ ከኋላው ገባሁ።

እትዬ ከድጃን በሥርዓት ሰላም አላቸው፤ ጤናቸውን፣ ቤታቸውን፣ ሥራውን ጠየቀ። እሳቸውም ጋሽ ገመቹ እንደምን ከረሙ አሉ። ከዚያ ልጄ አለች ወይ አለ።  በመጋረጃው ሥር ጫማው ሲመጣ ይታየኛል። ክር ያህል ርቀት ላይ ቆመ። ሊመታኝ ነው አላልኩም፤ አባዬ መትቶኝ አያውቅም። የፈራሁት ከቤት ውጪ የሚለውን ነው። ለኢዮብ የተነበበው ወረቀት ለኔም እንዳይነበብ ነው።

መጋረጃውን አልገለጠም። ከማዶ ሆኖ፣ ቤት ውስጥ ብቻችንን ስንሆን በሚያናግረኝ ኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። ቀጥሎ በአማርኛ «ምን አሉሽ?» አለ።

«አለ» አልኩ ለጨርቁ። «ሳንሱሲ ነው።»

«አለ አሉሽ?»

«አለ።»

አግዳሚው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ስወጣ አባዬ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እትዬ ከድጃ ሽርጡን ከወገቡ ፈትተው ወሰዱለት፣ እንደ ሕፃን ዝም አላቸው።

በአስኮ በኩል በታክሲ ሄድን።  አባዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል፤ ውጭው በጉም ተሸፍኗል፣ የሚታይ ነገር የለም። ሳንሱሲ ወርደን ሙዝና ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ገዛ። ወፍጮ ቤቱን አገኘን፤ የበርበሬና የገብስ ሽታ እርጥቡ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ሰማያዊው በር ጋ ስንደርስ አባዬ ቆመ።

«አንቺ ግቢ» አለ። «እኔ መምጣቴን አትንገሪው።»

«ለምን አባዬ?»

 ሙዙን ሊሰጠኝ ዘረጋና መልሶ ያዘው።

ኢዮብ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝቶ ነበር። መጀመሪያ አላወቅሁትም። ጉንጩ ገብቶ፣ የዓይኑ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ። አጠገቡ ጊታሩ ግድግዳ ተደግፏል። ሲያየኝ ተነስቼ ልቀመጥ አለ፤ አቃተው። ማን እንደነገረኝ ጠየቀኝ፣ በሬዲዮ ደውዬ ነው አልኩት። አላመነም። «አንቺ? ዳቦ መግዛት የምታፍሪው?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ አሰቃየው። ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ጋደም አለና ጣሪያውን እያየ «አባዬስ ደህና ነው?» አለኝ።

ደህና ነው ብዬ ዝም ማለት ይቻል ነበር። አባዬ የከለከለኝን ነገር አድርጌ አላውቅም፤ ከዘፈኑ በስተቀር፣ እሱም በድብቅ ነው። ብናገር ኢዮብ ቢቆጣስ? አንብቦ ያስወጣኝ ሰው ምን ሊያይ መጣ ቢልስ? አባዬ በር ላይ ሆኖ ያን ቢሰማስ? ይህ በሽተኛ ከዚህ ፍራሽ ባይነሣስ?

«በር ላይ ቆሟል» አልኩ።

ኢዮብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አበላሸሁት አልኩ በልቤ። ጀርባው ብቻ ሲተነፍስ ይታየኛል። ብዙ ቆይቶ፣ ሳይዞር «ዝናቡ እየመታው ነው?» አለ።

«አዎ።»

«ሂጂ ጥሪው እንግዲህ።»

ስወጣ አባዬ በሩ ላይ የለም። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ስልኩን ይዤም አልፈራሁም። ሄዷል አልኩ። ግራ ቀኝ ስሮጥ ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ሥር፣ ዱቄት የነካው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት፤ ሙዙን ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ። ግባ ብሎሃል አልኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ደገምኩለት።

ገብቶ ፍራሹ አጠገብ ተንበረከከ። ማንንም ሳይጠይቅ ሲጸልይ የኖረ ሰው ነው፤ እጁን ጫን አድርጎ ይጀምራል እንጂ ፈቃድ አይለምንም። ያን ቀን እጁን አየር ላይ አቁሞ «ልጸልይልህ?» አለው።

ኢዮብ «ጸልይ» አለ።

ኢዮብ ለመዳን ሦስት ወር ፈጀበት፣ ሁለቱን እኛ ቤት። አሁን አግብቶ ሁለት ልጆች አሉት፤ ዛሬም ቤዝ ይጫወታል። እገዳው በወረቀት አልተነሣም። አባዬ ግን በዚያው ዓመት ከሽማግሌነት እንዲያወርዱት ጠየቀ፣ ምክንያቱንም ለማንም አልተናገረም። ዘፈን አሁንም አይሰማም፤ ጎረቤት ሲከፍት አሁንም መስኮቱን ይዘጋል። ልጁ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እያየው ይዘጋል፣ ኢዮብም ዝም ይላል።

ይህን የሰማ ሰው ደፋር ነሽ ይለኛል። አይደለሁም። አንዱን ፍርሃት ሌላው ገፋው እንጂ። ደግሞም ነገሩ ለኔ ያለቀ አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት ጎሚስታው አንድ ነገር ነገረኝ። ያን ቅዳሜ አባዬ ሊሠራው ያነሣውን ብረት እንደያዘ ጎማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር አለኝ። በሕይወት አለ ብዬ ስጠይቅ ሰምቷል። መልስ ሳይመጣ ዘፈኗ ተከፈተች። እስክታልቅ ድረስ፣ ከስንኝ እስከ ስንኝ፣ አልተነቃነቀም አለኝ።

እኔ ስለሱ አላሰብኩም ነበር። ስለ ራሴ ስፈራ፣ እንዳይሰማኝ ስፈራ፣ ያ የሬዲዮ ሰው መልሱን ቢያውቀውና ቢናገረውስ ብዬ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ኢዮብ ሞቶ ቢሆን አባዬ የልጁን ሞት በጎማ መሐል ቆሞ፣ ከማያውቀው ሰው አፍ ይሰማ ነበር፤ የጠየቅሁትም እኔ ነኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ የማስበው ይህን ነው፤ እስከ ዛሬ አንዳንዴ ከእንቅልፌ ያነቃኛል።

ባለፈው ቅዳሜ በጭቃው ስመለስም የማስበው እሱን ነበር። ታክሲው ሙሉ ሰው ያቺ ልጅ አንድ የዘፈን ስም ጠፋባት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ትንፋሽዋን ሰምቻለሁ። ሦስቱን ጥያቄ ብትመልስ ኖሮ እሷ ደግሞ ምን ልትጠይቅ ደውላ እንደነበር ማን ያውቃል።